አዲስ ቱርቦ በጥቂት ወር ውስጥ ድጋሚ ለምን ይሞታል? (ሃይሉክስና ፕራዶ 3.0 ዲ-4ዲ)

ኩሽኔታ (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ስላለ አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርገን እንነጋገርበት። «ቱርቦው አልቋል ተብሎ አዲስ ገባ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ድጋሚ ማፏጨትና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀመረ፤ ዕቃው ፎርጅድ ነው?» የሚለው ማለቴ ነው። አንዳንዴ ፎርጅድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያውን የገደለው ነገር እዚያው ሞተሩ ውስጥ ስለቀረ ሁለተኛውንም ይገድለዋል። የማወራው በተለይ ርዕሱ ላይ ስላለው ባለ 3 ሊትር የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ ስለ 1ኬዲ ነው።

ጥፋቱ ከአሠራሩ ስለሚመነጭ ከአሠራሩ ልጀምር። ባለ 3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር ፒስተኖቹ በሒሳብ ወደ 4,500 ሊትር አየር ይስባሉ። ምን ያህል ናፍጣ ማቃጠል እንደሚቻል የሚወስነው እዚያ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ቱርቦ ሲሊንደሩን አያሰፋውም፤ እዚያው ቦታ ላይ አየሩን ጠቅጥቆ ያስገባል። ጉልበቱን የሚያገኘው ሊጣል ከነበረው ጭስ ነው። ከማኒፎልዱ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ የጭሱን ፋን ይመታል፤ በአንድ ዘንግ የተያያዘው የአየሩ ፋን አብሮ ይዞርና በፊልትሮ በኩል የመጣውን አየር ጨምቆ በኢንተርኩለር (የአየር ማቀዝቀዣው) አሳልፎ ወደ ሞተር ይልካል።

ያ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ወደ 200,000 የሚጠጉም አሉ። አብዛኛው ቱርቦ ላይ ኩሽኔታዎቹ ባለ ኳስ ሳይሆኑ የናስ ቀለበቶች ናቸው። ዘንጉም ቀለበቶቹም ዘይት ላይ ተንሳፍፈው ነው የሚዞሩት፣ የዘይቱም ሽፋን በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካ ስስ ነገር ነው። በዚያ ፍጥነት ዘይት ለጥቂት ሰከንድ ከተቋረጠ ብረት ከብረት ይገናኛል። ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ የዘይት እጥረትን ቀድሞ የሚናገረው ቱርቦው የሚሆነው ለዚህ ነው።

1ኬዲ ላይ የታወቀው የእጥረት መንስኤ ደግሞ ሰው ከቱርቦ ጋር የማያያይዘው ቦታ ነው ያለው፤ ኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ዋሸሮች። ዋሸሩ ሲያረጅ የተቃጠለ ጋዝ በሥሩ እየሾለከ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ይገባና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ሬንጅ ይመስላል፣ ካርቦኑ ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ይወርዳል፣ የዘይት ፖምፓው የሚስብበትን ወንፊት ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። ወንፊቱ ግማሹ ሲደፈን ዳሽቦርድ ላይ ምንም መብራት አይበራም። ቱርቦው ግን ጠዋት ጠዋት ዘይት ዘግይቶ እየደረሰው ይበላል። ቱርቦ ብቻ ቀይሮ የሄደ ሰው ቀጥሎ የሚያገኘው የኮሎና የቢየላ (የሞተሩ ዋና ዘንግና ፒስተኖቹን ከእሱ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች) ኩሽኔታ ወጪ ነው።

ስለዚህ ይህ ሞተር ቱርቦ ከገደለ፣ አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት የቴስታታውን ክዳን አስከፍቱና በኢንጀክተሮቹ ዙሪያ እንደ ቀለጠ አስፋልት የጠቆረ ነገር መኖሩን እዩ። ካለ አራቱም ዋሸሮች አዲስ ይገባሉ። አሮጌውን አሽቶ መመለስ አይሠራም፤ መዳቡ አንዴ ከተጨመቀ ቅርፁን ይዟል። የኢንጀክተሩ መቀመጫም ካርቦኑ በመጥረጊያ ወጥቶ ንጹሕ ብረት መታየት አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ዋሸር ቆሻሻ ላይ ይቀመጥና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ማሾለኩ ይቀጥላል። ከዚያ የታችኛው ኮፓ ይወርድና ወንፊቱ በዓይን ይታያል። ኮፓው ሳይወርድ «ዘይቱ ደህና ነው» የሚል ግምት አትቀበሉ።

---

ሽቅብ_በ3ኛ

ኩሽኔታ ጥሩ አድርገህ አስቀምጠኸዋል። ያልነካኸውን ከፍታን እኔ ልጨምር፤ ለእኛ ከዘይቱ ቀጥሎ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ።

ባሕር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስላለች ግፊቱ ወደ 76 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ሩብ የሚሆን አየር ቀንሶ ነው የሚተነፍሰው። ባለ ቱርቦው ግን የጎደለውን ለመሙላት ይሞክራል፣ ሲሞላም በነፃ አይደለም።

ሒሳቡን እዩት። ሞተሩ ውስጥ 220 ኪሎ ፓስካል እንዲገባ ከተፈለገ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቱርቦው አየሩን 2.2 ጊዜ ማጠፍ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ያንኑ 220 ለማግኘት 2.9 ጊዜ ማጠፍ አለበት፤ ያ ማለት ዘንጉ በጣም ፈጥኖ ይዞራል። ሙቀቱም አብሮ ይወጣል፤ 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር በመጀመሪያው ሁኔታ ወደ 120፣ በሁለተኛው ወደ 160 ዲግሪ ሆኖ ከቱርቦው ይወጣል። ለዚህ ነው ደጋ ላይ የተዘጋ ኢንተርኩለር ቆላ ላይ ካለው በላይ የሚጎዳው። ፊቱ በጭቃና በነፍሳት ከተደፈነ በዝቅተኛ ግፊት ውኃ ከኋላ ወደ ፊት እጠቡት፤ ከቅርብ በከፍተኛ ግፊት ከተረጨ ስስ ክንፎቹ ይተኛሉ።

ቱርቦና ከፍታ ድሮም አብረው የመጡ ነገሮች ናቸው። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡሺ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ጥቅሙ በግልጽ የታየው በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተርን ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ አውጥቶ ሲሞክረው ነው። በባሕር ጠለል 350 ገደማ የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ወደ ነበረበት ተመለሰ።

---

ካቻቢቴ

ታዲያ በስልክ አፕ ሲታይ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ ቡስት (ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት) −0.24 ባር የሚያሳየው ለዚህ ነው? ሴንሰር ተበላሽቷል ተብሎ የሚቀየረው በዚህ ንባብ ነው።

---

ሽቅብ_በ3ኛ

አዎ፣ ለዚሁ ነው። አፑ ከፍታችሁን ስለማያውቅ ከሴንሰሩ ንባብ ላይ 101 ይቀንሳል። ሴንሰሩ 76 ወይም 77 ብሏል፣ ትክክልም ነው። ቡስት የሚለውን ትታችሁ የማፕ ሴንሰሩን (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን) ፍጹም ግፊት በኪሎ ፓስካል አንብቡ። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ አዲስ አበባ 76 ገደማ፣ ሐዋሳ 83 ገደማ፣ ድሬዳዋ 88 ገደማ ማለት አለበት። እንዲያውም አዲስ አበባ ቆሞ 100 የሚል ሴንሰር ነው የሚጠረጠረው፤ ኮምፒውተሩን የሌለ አየር አለ ብሎ ያሳምነውና ናፍጣ ያስበዛል፣ ጥቁር ጭስም ይመጣል።

---

ፓራዮሊዮ_የለም

ስሜን ያወጣሁት ሰው ሁሉ ከሚሳሳትበት ነገር ነው። ቱርቦ ዘይት ተፋ ሲባል «ፓራዮሊዮው ሄዷል» ይባላል። ቱርቦ ውስጥ ፓራዮሊዮ (ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት) የለም፤ ጎማ ያንን ሙቀት አይችለውም። በሁለቱም ጫፍ ያለው እንደ ፒስተን ፋሻ ያለ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ዘይቱን ውስጥ የሚያቆየው ቀለበቱ ብቻውን አይደለም፤ ከፋኖቹ በኩል ያለው የጋዝ ግፊትና የዘይቱ በነፃነት ወደ ታች መውረድ ነው።

ዘይት ወደ ቱርቦው ሲገባ በፖምፓ ተገፍቶ ነው፤ ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም፣ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። መመለሻ ቱቦው ወፍራም የሆነው ለዚህ ነው። መንገዱ ከጠበበ ዘይቱ የቱርቦውን ሆድ ሞልቶ በሁለቱም በኩል ይወጣል፣ ቱርቦው አዲስም ቢሆን። የሚያጠቡት የተለመዱ ነገሮች፦ ጓርኒሲዮኑ (በሁለት ብረት መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ላይ የተቀባ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ቱቦው ታጥፎ፣ ውስጡ ካርቦን ይዞ፣ ወይም የሞተር ዘይት ከልኩ በላይ ተሞልቶ። ሌላው ሞተሩ ራሱ መሆኑ ነው። የፒስተን ፋሻው ያለቀ ሞተር ኮፓው ውስጥ ግፊት ስለሚያጠራቅም የቱርቦው ዘይት መውረጃ ያጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለ የዘይት መሙያ ክዳኑን ፍቱና ገልብጣችሁ በቀዳዳው ላይ ዝም ብላችሁ አስቀምጡት። ትንሽ መንቀጥቀጥ ችግር የለውም። ዘሎ ከወደቀ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል፣ ወይ ፋሻው አልቋል፤ ቱርቦ መቀየር አይፈታውም።

አንድ ማስፈራሪያ ደግሞ ላንሳላችሁ። የኢንተርኩለር ቱቦ ተፈቶ ውስጡ ስስ ዘይት ታየ ማለት ቱርቦ ሞቷል ማለት አይደለም። የሞተሩ መተንፈሻ ጭጋግ በዚያ መንገድ ስለሚያልፍ እርጥበት ይኖራል። ሲገለበጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

---

የጣና_ዳር_መካኒክ

በዘይቱ ጉዳይ ከሁለታችሁም ጋር ነኝ። ግን ጉልበት ያነሰው መኪና ሁሉ ቱርቦው ሞቷል እየተባለ የሚወርደው ነገር መቆም አለበት። 1ኬዲ ላይ ያለው ቱርቦ ክንፎቹ የሚንቀሳቀሱ ዓይነት ነው። በጭሱ ፋን ዙሪያ የተደረደሩ ትንንሽ ክንፎች በኤሌክትሪክ ሞተር ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ይጠባሉ፣ ትንሹ ጭስ ፈጥኖ እንዲመታ። ዙሩ ሲጨምር ይከፈታሉ፣ ቱርቦው ከልኩ በላይ እንዳይሮጥ። ጥቀርሻ ሲይዛቸው ባሉበት ይቀራሉ።

ተከፍተው ከቀሩ ከ2,000 ዙር በታች መኪናው አይጎትትም፣ ጥቁር ጭስ አለው፣ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የብልሽት ኮድ ፒ0299 ነው። ተዘግተው ከቀሩ ደግሞ ከሥር ይጎትትና ዳገት ላይ ሲረገጥ ድንገት ጉልበቱ ይቆረጣል፣ መብራት ይበራል፣ ኮዱ ፒ0234። ጠፍቶ ሲነሳ ደህና ይሆናል፣ ቀጣዩ ዳገት ላይ ይደገማል።

ፒ0299 ካያችሁ መጀመሪያ ቱቦዎቹን ፈትሹ። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን አፍ በክዳን ዝጉና በኮምፕሬሰር አየር አስገቡ፤ መቆጣጠሪያው ከ1 ባር እንዳያልፍ፣ የዘይት መሙያ ክዳኑም ይፈታ፣ በቫልቭ የሚያልፈው አየር ኮፓውን እንዳያስጨንቅ። የሳሙና ውኃ ርጩበት። የኢንተርኩለሩ ጎማ ቱቦ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ሆኖ ከሥሩ፣ ዘይት ሲነካው የኖረው ቦታ ላይ፣ ጣት የማይገባበት ስንጥቅ ይኖረዋል፤ ግፊት ሲኖር ብቻ እንደ አፍ ይከፈታል። አረፋው ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። ፋሸታው (የቱቦው ማሰሪያ) ላልቶ የተገኘ ጊዜማ ሥራው በካቻቢቴ ያልቃል።

ቱቦው ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ አክቹዌተሩ (ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሞተር) ይፈታና ማንሻውን በጣት አንቀሳቅሱት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነክስ መሄድ አለበት። ከነከሰ ቱርቦው ወርዶ የጭሱ ቤት ይከፈታል፤ ከመክፈታችሁ በፊት ቤቱና አካሉ የሚገጥሙበትን በመፋቂያ ምልክት አድርጉ። ክንፎቹ በካርቦን ማስለቀቂያ ተነክረው በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳሉ። ግሪስ ወይም ዘይት እንዳትቀቡ፤ ተቃጥሎ ከጥቀርሻው የባሰ ሙጫ ይሆናል። እዚያ ያለችውን የማቆሚያ ብሎን ደግሞ ማንም አይንካት። ፋብሪካ ላይ የአየር ፍሰት እየተለካ የተስተካከለች ናት፤ በግምት ግማሽ ዙር ስትዞር ኮዱ ይለወጣል እንጂ መኪናው አይድንም።

---

ነፍስ_ያለው_ናፍጣ

ከረዥም መንገድ በኋላ 5 ደቂቃ ሳይጠፋ መቆም አለበት የሚባለውስ?

---

ሽቅብ_በ3ኛ

ለዕለት ተዕለት የከተማ መንዳት አያስፈልግም፤ ሰፈር ገብታችሁ ቀስ ብላችሁ እስክትቆሙ ቀዝቅዟል። የሚያስፈልገው ጫና ላይ ቆይቶ ወዲያው ለሚቆም መኪና ነው። ዓባይ በረሃን አስቡት። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ዕቃ የጫነ ፒክአፕ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ እየረገጠ ይወጣዋል። የጭሱ ቤት በዚያን ሰዓት ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። ደጀን ደርሶ ቡና ለመጠጣት ወዲያው ቁልፍ ከተጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፣ ከጭሱ በኩል ያለው ሙቀት ወደ መሐሉ ይሰርጋል፣ ኩሽኔታው ላይ የቀረው ዘይት ተጠብሶ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ያ ቅርፊት ነው ቀስ በቀስ የዘይት መግቢያውን የሚያጠበው። ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይበቃል። 5 ደቂቃ ናፍጣ ማባከን ነው።

ጠዋት ሲነሳ ደግሞ ተቃራኒው አለ፤ ቢያንስ 30 ሰከንድ ነዳጅ አትርገጡ። ዘይቱ ገና እየተጓዘ ነው።

---

የመለዋወጫ_ሰው

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ዩዝድ ቱርቦ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት እዚያው እነዚህን አድርጉ። መጀመሪያ ቁጥሩን፤ የቶዮታ ቱርቦ ሳህን ላይ 17201 ብሎ ይጀምራል፣ ቀጥለው ያሉት አምስት አሃዞች ወይም ፊደላት ናቸው የሃይሉክሱንና የፕራዶውን የሚለዩት። ሙሉው ካልገጠመ ብሎኑ ቢገባም አትውሰዱት።

ቀጥሎ ዘንጉን በሁለቱ ጫፍ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ። እዚህ ላይ በእጅ የሚሰማ መላላት ጨርሶ መኖር የለበትም፤ ልኩ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው። ወደ ጎን ሲገፋ ግን ትንሽ መንቀሳቀስ አለው፣ በዚህ አትደንግጡ፤ ዘይት የሚሞላው ቦታ ነው። ጎን ገፍታችሁ እያዞራችሁ ፋኑ ቤቱን ከነካ ግን መልሱለት። የአየሩን ፋን ክንፎች ጫፍ በጥፍር ዳስሱ። ጤነኛው ስል ነው። አቧራ የበላው እንደ አሮጌ ሳንቲም ጠርዝ ዶልዱሟል። ዘንጉ ሰማያዊ ከመሰለ ያለ ዘይት ጦፏል፤ ቢታጠብም አይድንም።

ካርትሪጅ (ዘንጉንና ፋኖቹን የያዘው የቱርቦው መሐል) ብቻ ለሚቀይሩ፦ ሙሉ ሆኖ፣ ባላንስ ተደርጎ የመጣ ይሁን። ከአንዱ ቱርቦ ፋን ፈቶ ሌላው ዘንግ ላይ መግጠም በ100,000 ዙር ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልግም።

---

ኩሽኔታ

የመለዋወጫ ሰው፣ ስለ ክንፎቹ ያልከው ወደ አየር ፊልትሮ ይመልሰናል። ጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና ፊልትሮ በከፍተኛ ግፊት ሲነፋ ወረቀቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል። ባትሪ መብራት ከውስጥ አብርታችሁ እዩት፤ ነጥብ ነጥብ ብርሃን ካሳለፈ አቧራ ያሳልፋል። መንፋት ግድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ በቀላል ግፊት። በጣም የተደፈነ ፊልትሮም ጣጣ አለው፤ የአየሩ ፋን አየር ሲያጣ በቀለበቱ በኩል ዘይት ይስባል።

አሁን ስለ መግጠም። ከሁሉ በፊት የአሮጌው ፋን ክንፍ ከተሰበረ ስብርባሪው ኢንተርኩለር ውስጥ ነው። ኢንተርኩለሩ ካልወረደና ካልታጠበ ወደ ሞተር ይገባል። የተጠራቀመ ዘይትም እዚያ አለ። የዘይት መግቢያ ቧንቧውን ከነቀዳዳ ብሎኑ አዲስ አድርጉት፤ ውስጡ የተጠበሰ ዘይት በቤንዚን ታጥቦ በደንብ አይወጣም፣ ዋጋውም ከቱርቦው ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። በዘይት መስመር ላይ ሲሊኮን የለም፣ ጓርኒሲዮን ብቻ።

ከተገጠመ በኋላ መግቢያ ቧንቧው ከመታሰሩ በፊት በቀዳዳው ንጹሕ የሞተር ዘይት አፍስሱና ፋኑን በጣት አዙሩት። ከዚያ የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ተነቅሎ በሞተሪኖ (ማስነሻው) ብቻ ይዞር፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ በመሐሉ እያረፋችሁ። የመመለሻ ቱቦው ለጊዜው ወደ ዕቃ ይግባና ዘይት ሲወርድ በዓይናችሁ እዩ። ሳይወርድ ሞተሩ አይነሳም። ሲነሳ 3 ደቂቃ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ።

---

ካቻቢቴ

ኢንተርኩለር ውስጥ የቀረው ዘይት ሞተሩን በራሱ ሊያስሮጠው ይችላል የሚባለው እውነት ነው?

---

ፓራዮሊዮ_የለም

እውነት ነው፣ አደገኛም ነው። የናፍጣ ሞተር የገባለትን ዘይት እንደ ነዳጅ ያቃጥላል። ዙሩ በራሱ ይወጣል፣ ጭሱ ሰማዩን ይሸፍናል፣ ቁልፍ ብታጠፉም አይቆምም፣ ምክንያቱም ቁልፉ የሚዘጋው ናፍጣውን ነው። ማንዋል ማርሽ ከሆነ በ5ኛ አስገቡ፣ ፍሬን እስከ ጥግ ረግጣችሁ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ልቀቁት፤ ያንቀዋል። አውቶማቲክ ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ያለው መንገድ አየሩን መዝጋት ነው፣ በጠፍጣፋ እንጨት ወይም በወፍራም መጽሐፍ። በእጅ ወይም በጨርቅ በፍጹም፣ ይስበዋል። ኮፋኖው ሥር ለመድረስ ጊዜው ካለፈና ሞተሩ መጮህ ከጀመረ ራቁ፤ ሞተር ይተካል።

---

የጣና_ዳር_መካኒክ

ኩሽኔታ፣ ወንፊቱ ተጠርጎ ዋሸሮቹ ከተቀየሩ በኋላ ዘይቱን በስንት ኪሎ ሜትር ትላለህ? ወደ 7 ሊትር ስለሚወስድ ባለ መኪናዎች ቶሎ መቀየር ይከብዳቸዋል።

---

ኩሽኔታ

ከዚያ በኋላ በየ5,000። የመጀመሪያውን ግን በ1,000። የዘይት መንገዶቹ ውስጥ የቀረ ካርቦን አዲሱ ዘይት እያላቀቀ ስለሚያወርደው ነው። የወጣውን የዘይት ፊልትሮ አትጣሉት፤ በመጋዝ ቁረጡትና ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩ። በጣት ሲታሽ የሚደቅ ጥቁር ቅንጣት ካለ ካርቦን ነው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በ1,000 ቀይሩ። ወርቃማ የናስ ብናኝ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አዲሱ ቱርቦ መበላት ጀምሯል፤ መኪናው አይነዳ፣ ኮፓው ድጋሚ ይውረድ።